የማርን ውኃ በብርሃን ስለ መለካት

ስለ ከፋ ሲነሣ ንግግሩ ሁሉ ወደ ቡና ማምራቱ የተለመደ ነው። ቡናውም ክብሩ ይገባዋል፤ በእርሱ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን በዚያው ደን ውስጥ፣ ከቡናው ተክል በላይ ከፍ ብሎ፣ በታላላቅ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ የሚሰቀል ሌላ ሀብት አለ፤ እርሱም ማር ነው። የከፋ ንብ አርቢ ቀፎውን በገመድ ስቦ ዛፍ ላይ ያወጣል፤ ጊዜው ሲደርስም በጢስ ንቡን ገለል አድርጎ ማሩን ይቈርጣል። የገተም ዛፍ አበባ ነጩን ማር ይሰጣል፤ ብሳና ደግሞ ወደ ቀይነት የሚያደላውን። ደኑ በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ከመመዝገቡ እጅግ አስቀድሞ በዚህ ማር ግብር ይገባበት፣ ጠጅም ይጣልበት ነበር።

ዛሬ የማሩን ዕድል የሚወስን አንድ አዲስ እንግዳ መጥቷል። ርዝመቱ ከስንዝር እምብዛም የማይበልጥ፣ በአንድ ጫፉ ዓይን የሚያርፍበት፣ በሌላው ጫፉ ሰማያዊ መስታወትና ክዳን ያለው ቱቦ ነው። ስሙ ሪፍራክቶሜትር ይባላል። ገዢው በመስታወቱ ላይ ማር ጠብ ያደርግና ወደ ብርሃን አዙሮ ያያል፤ ከዚያም «ሃያ ነጥብ አራት፤ ውኃ በዝቶበታል» ይላል። ሻጩ ዋጋውን ይቀንሳል፤ አለዚያም ባልዲውን ተሸክሞ ይመለሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ቍጥር ከየት እንደሚመጣ፣ በምን ምክንያት እንደሚሳሳት፣ እንዴትስ እውነቱን እንዲናገር እንደሚደረግ ለመግለጽ ነው።

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ መለኪያ መሣሪያ ለመጻፍ ምን አገባው የሚል ወንድም ወይም እኅት ቢኖር መልሴ አጭር ነው። ቍጥሩ በሰው ኑሮ ላይ የሚፈርድ ከሆነ የሳይንስ ፋኩልቲ ብቻ ጕዳይ ሆኖ ሊቀር አይችልም። ደግሞም ቍጥርን ማንበብ እንደ ማንኛውም ንባብ ነው፤ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ማን እንደ ጻፈውና በምን ሁኔታ እንደ ጻፈው መጠየቅ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ውኃው ስለ ምን ያን ያህል ያስፈራል? ማር በአብዛኛው ስኳር ነው፤ በውስጡም በዓይን የማይታይ እርሾ አለ። ውኃው ከመቶ 17 በታች ከሆነ እርሾው ሊሠራ አይችልም። ከ19 ካለፈ ግን አደጋው እየበረታ ይሄዳል፤ ማሩ አረፋ ያወጣል፣ ይኮመጥጣል፣ ማለት ማንም ሳያዝዘው ጠጅ መሆን ይጀምራል። ስለዚህ ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ በጠቅላላው የማር ውኃ ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ የአውሮፓ ኅብረትም ሕግ ይህንኑ ቍጥር ይዟል። ኢትዮጵያ በ2008 እ.ኤ.አ. ወደ አውሮፓ ኅብረት ማር እንዲልኩ ከተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ስለ ገባች፣ ብራስልስ ላይ የተጻፈው 20 ቦንጋ ገበያ ድረስ ወርዷል ማለት ነው። የከፋ አየር ደግሞ ለዚህ ቍጥር የሚመች አይደለም። ዝናቡ ረዥም ነው፣ ደኑ እርጥብ ነው፣ ማርም አየሩ እርጥብ በሆነ ጊዜ ውኃ የመሳብ ጠባይ አለው። በደረቅ አገር 16 እና 17 የሚሆነው ማር በከፋ በቀላሉ ወደ 19 እና 20 ይጠጋል። እንግዲህ ልብ በሉ! የአገሩ ማር ከወሰኑ መስመር አጠገብ የሚቆም ከሆነ፣ የመሣሪያው የአንድ ከመቶ ስሕተት ጥቂት ነገር አይደለም፤ ማሩን ከመስመሩ ወዲህ ወይም ወዲያ የሚጥለው እርሱ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ብርሃን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ሲያልፍ መንገዱ ይሰበራል፤ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ የገባ ማንኪያ የተሰበረ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ስብራቱ ምን ያህል እንደ ሆነ በቍጥር ይነገራል። የንጹሕ ውኃ ቍጥር 1.333 ነው። ስኳር በበዛ ቍጥር ይህ ይጨምራል፤ የማር ወደ 1.49 ይደርሳል። በጀርመን አገር የየና ከተማ ሰው ኤርንስት አቤ በ1874 እ.ኤ.አ. ይህን በፕሪዝም የሚለካ መሣሪያ ገልጦ ጻፈ። የስብራቱን ቍጥር ወደ ማር ውኃ የሚለውጠውን ሰንጠረዥ ግን ያዘጋጀችው በካናዳ የምትሠራ ቻታዌይ የተባለች ተመራማሪ ስትሆን ዘመኑም 1932 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ1955 እ.ኤ.አ. ዌድሞር የተባለ እንግሊዛዊ አረመው። እስከ ዛሬ በቱቦው ውስጥ የሚታየው መስመር የዚሁ ሥራ ልጅ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት 18 ከመቶ ውኃ ያለው ማር 1.4915 ይሰጣል፤ 20 ከመቶ ያለው 1.4865። ልዩነቱን አስሉት፤ ለአንድ ከመቶ ውኃ 0.0025 ብቻ ነው። መሣሪያው የሚለየው ነገር ይህን ያህል ቀጭን ነው።

ከላይ «በ20 ዲግሪ ሙቀት» ያልኩትን ብዙ ሰው ዘልሎት ያልፋል፤ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ግን እዚያ ላይ ነው። ማር ሲሞቅ ስብራቱ ይቀንሳል፤ በአንድ ዲግሪ 0.00023 ያህል። ይህ ወደ ውኃ ሲለወጥ በአንድ ዲግሪ 0.09 ከመቶ መሆኑ ነው። ስብራቱ ሲቀንስ መሣሪያው «ውኃ በዛ» ብሎ ያነባል። እንግዲህ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ማር፣ ሙቀትን ራሱ የማያስተካክል አንድ ዓይነት ቱቦ ይዘው በአንድ ቀን ገበያ ወጡ እንበል። አንዱ በማለዳ፣ ማሩና መሣሪያው 14 ዲግሪ ሳሉ ይለካል። ሁለተኛው በቀትር፣ ባልዲው ፀሐይ ላይ ውሎ 27 ዲግሪ ሲሆን ይለካል። በመካከላቸው 13 ዲግሪ አለ፤ ይህም 1.2 ከመቶ ውኃ ያህል ነው። እውነተኛው ውኃ 19.8 ቢሆን የማለዳው ቱቦ 19.2 ይላል፤ የቀትሩ 20.4 ይላል። የመጀመሪያው ሸጦ ገባ፤ የሁለተኛው ተመለሰበት። ማሩ አንድ ነው፤ የተለወጠችው ፀሐይዋ ናት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትእዛዝ ቴርሞሜትር መያዝ ነው። ሙቀቱ ከ20 በላይ ከሆነ ከተነበበው ውኃ ላይ ለየዲግሪው 0.09 ቀንሱ፤ ከ20 በታች ከሆነ ጨምሩ። 20.4 በ27 ዲግሪ ቢነበብ ሰባት ዲግሪ በ0.09 ተባዝቶ 0.6 ይሆናል፤ ከ20.4 ሲቀነስ 19.8። ሒሳቡ የሦስተኛ ክፍል ልጅ የሚሠራው ነው። ከሒሳቡም ይልቅ የሚሻለው ማሩንና መሣሪያውን በአንድ ጥላ ውስጥ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ማሳረፍ ነው። ቦንጋ ወይና ደጋ ስለ ሆነች በዚህ ረገድ ደግ ከተማ ናት፤ የቤት ውስጥ ጥላዋ ብዙ ጊዜ ወደ 20 የተጠጋ ነው። ጋምቤላ ሆኖ ይህን ያህል ዕድል አይገኝም።

«የእኔ መሣሪያ ሙቀቱን ራሱ ያስተካክላል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ አንዳንዶቹ በውስጣቸው በሙቀት የሚታጠፍ ስስ ብረት አላቸው፤ ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ድረስ መስመሩን እያንቀሳቀሰ ያቃናል። ሁለት ነገሮች ግን አይዘንጉ። አንደኛ፣ ብረቱ የሚያውቀው የመሣሪያውን ሙቀት እንጂ የማሩን አይደለም፤ ከፀሐይ የመጣ ትኩስ ማር በቀዝቃዛ ቱቦ ላይ ወዲያው ቢነበብ ማስተካከያው ስለ ሌላ ነገር ይሠራል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ በርካሽ መሣሪያ ላይ የተጻፈ ሁሉ በውስጡ አለ ብሎ ማመን የዋህነት ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። አንድ ብልቃጥ ፈሳሽ ማር አጥብቃችሁ ክደኑና በማለዳ ብርድ፣ ከዚያም በቀትር ሙቀት ለኩት፤ በሁለቱም ጊዜ ማሩና መሣሪያው አብረው ይረፉ። ቍጥሩ ካልተነቃነቀ ማስተካከያው ይሠራል። በየዲግሪው 0.09 ያህል ከተንሸራተተ ግን ማስተካከያው በካርቶኑ ላይ ብቻ ነበር፤ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩ። የሚሠራ ማስተካከያ ያለው ሰው ደግሞ በሰንጠረዥ ሁለተኛ እንዳያርም ይጠንቀቅ፤ ሁለት ጊዜ የታረመ ቍጥር ካልታረመው አይሻልም።

ቀጥሎ መሣሪያውን ከታወቀ ነገር ጋር ማስተያየት ይመጣል። የትምህርት ቤት ሪፍራክቶሜትር በተጣራ ውኃ ይስተካከላል፤ የማሩ ግን በውኃ አይሆንም፤ የውኃ 1.333 ከማሩ መስመር እጅግ ስለሚርቅ በቱቦው ውስጥ አይታይም። ስለዚህ ከመሣሪያው ጋር ትንሽ የመስታወት ጕርድና ጥቂት ዘይት ይመጣል፤ በዚያ ላይ የተጻፈው ቍጥር እስኪታይ ድረስ ብሎኑ ይዞራል። ዘይቱ ሲያልቅ ወይም ጕርዱ ሲጠፋ (መጥፋቱ አይቀርም!) ብዙ ንብ አርቢዎች በዓለም ዙሪያ የወይራ ዘይት ይጠቀማሉ። መጥፎ ብልሃት አይደለም፤ ግን ወሰኑ ይታወቅ። የወይራ ዘይት ስብራት በ20 ዲግሪ ከ1.4677 እስከ 1.4705 ሊሆን እንደሚችል ደረጃው ራሱ ይናገራል። ልዩነቱ 0.0028 ነው፤ ይኸውም በማር ቋንቋ ከአንድ ከመቶ ውኃ በላይ። ስለዚህ የወይራ ዘይት መሣሪያው ክፉኛ መውደቅ አለመውደቁን ያሳያል እንጂ 19.8ን ከ20.2 ለመለየት ዳኛ ሊሆን አይችልም። ከሱቅ የተገኘ ሌላ የምግብ ዘይት ከዚህም የባሰ ነው። ዘይት ደግሞ ከማር ይልቅ በሙቀት ይለወጣል፤ በቀትር ሙቀት በዘይት ያስተካከለ ሰው ስሕተቱን በብሎን አሰረው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚሻለው የተመሰከረለት ማር ነው። አንድ ኪሎ ፈሳሽ ማር በሚገባ ቀላቅሎ፣ ግማሹን ውኃው በላቦራቶሪ እንዲለካ ልኮ፣ ግማሹን በትንንሽ ብልቃጥ አሽጎ ማስቀመጥ ነው። በየገበያው ቀን አንዱን ብልቃጥ ከፍቶ መሣሪያውን በእርሱ መፈተን ይቻላል። በሆለታ የንብ ምርምር ማእከል አለ፤ በቦንጋም የግብርና ምርምር ማእከልና ዩኒቨርሲቲ አሉ። በቦንጋ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ጓደኞቻችን ለገበያው ከእኛ ይልቅ ቅርብ ስለ ሆኑ፣ ለክረምት ሥራ ከዚህ የሚበልጥ አሳብ ለማግኘት የሚቸገሩ ይመስለኛል።

ናሙናውን በተመለከተ ብዙ አልናገርም፤ ትዕግሥት ብቻ ነው። የከፋ ነጭ ማር ቶሎ ይረጋል፤ የረጋ ማር በፕሪዝም ላይ መስመሩን ያደበዝዛል፣ የሚሰጠውም ቍጥር የማሩ ሁሉ አይደለም። በጥብቅ በተከደነ ብልቃጥ 50 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ አኑሮ ማቅለጥ፣ ከዚያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማማሰል ነው፤ ክዳኑ ከተከፈተ ውኃው ስለሚተን ፈተናው ከንቱ ይሆናል። በባልዲ አፍ ላይ ያለው ማር ከእርጥብ አየር ውኃ ስለሚስብ ከላይ ብቻ የጨለፈ ሰው የባልዲውን ሳይሆን የአየሩን ይለካል። አረፋና የሰም ፍርፋሪ አይግባ። ፕሪዝሙ በእርጥብ ጨርቅ ከተጠረገ በኋላ በደረቅ ይድረቅ፤ የቀረች አንዲት የውኃ ጠብታ ብቻዋን ማሩን ታስወቅሳለች። ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል ይጠበቅ፤ ሁለት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይወሰድ። ቱቦውን ወደ ሰማይ ብርሃን እንጂ ወደ ፀሐይ ራሷ ማዞር ፈጽሞ አይገባም።

ይህ በሽታ የማር መለኪያ ብቻ አይደለም። የፊዚክስ ጓደኞቻችን ለመዝናኛ የሚገዙት የሌዘር ኀይል መለኪያ በዚሁ ይታመማል። በሙቀት የሚሠራው ዓይነት የእጅ ሙቀትና ትንፋሽ ይበቃዋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ብርሃኑን ጋርዶ ዜሮ ማድረግ፣ ቍጥሩ እስኪረጋ መጠበቅ፣ በኋላም ዜሮው ከቦታው አለመሄዱን ማየት ያሻል። በሲሊኮን የሚሠራው ደግሞ የብርሃኑ ቀለም ካልተነገረው አያውቅም። በ2010 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ሰዎች አንድ ርካሽ አረንጓዴ ሌዘር ሲፈትሹ፣ ከሚታየው አረንጓዴ ይልቅ የማይታየው ብርሃን እጅግ በዝቶ አገኙት። መለኪያውን ለአረንጓዴ አስተካክሎ በእንዲህ ያለ ሌዘር ፊት ያስቀመጠ ሰው፣ የማይታየውን ሁሉ አረንጓዴ ብሎ የደመረ፣ ያውም አብዝቶ የደመረ ቍጥር ያነባል። በ2013 እ.ኤ.አ. ያው ተቋም 122 የእጅ ሌዘሮችን ለክቶ ከአረንጓዴዎቹ 90 ከመቶ የሚጠጉት፣ ከቀዮቹም 44 ከመቶ ያህሉ የደኅንነቱን ደንብ የማያሟሉ መሆናቸውን ገለጠ። እዚያ የሚጠፋው የማር ዋጋ ሳይሆን ዓይን ነው። ነገር ግን የስሕተቱ ሥር አንድ ነው፤ መሣሪያው ፊቱ ያለው ነገር የተነገረው ነገር መሆኑን አምኖ ይቈጥራል።

ወደ ማራችን እንመለስና ይህንኑ እናስተውል። ሪፍራክቶሜትር ውኃን አያይም፤ የብርሃን ስብራትን ብቻ ያያል፤ ከዚያም «ይህ ማር ነው» ብሎ አምኖ ሰንጠረዡን ያነባል። ወፍራም የስኳር ሽሮፕ ቢቀርብለት ያለ ማመንታት «17 ከመቶ» ብሎ ያመሰግነዋል። ስለዚህ በዝናብ አገር ከዛፍ ላይ የወረደ 20.3 የሆነ እውነተኛ ማር ሲወቀስ፣ ስኳር የተቀላቀለበት ደረቅ ማር ሊሞገስ ይችላል። ቱቦውን የያዘ ገዢ ምላሱንና አፍንጫውን ቤት ጥሎ መምጣት የለበትም ማለት ነው። ንብ አርቢውም በበኩሉ ከመሣሪያው የቀደመ የራሱ መለኪያ አለው። ንብ ማሩ ሲበስል እንጀራውን በሰም ትከድነዋለች፤ ያልተከደነውን ከተከደነው ጋር ደባልቆ የቈረጠ ሰው ውኃውን በገዛ እጁ ጨመረ።

የቀረው ስለ ቀዳዳው ነው። የገበያ ሚዛን ሁለት ጣባ ወይም አንድ መርፌ አለው፤ ሻጭም ገዢም ቆመው ያዩታል፤ ቢጭበረበርም ሁለቱም እንዴት እንደሚጭበረበር ያውቃሉ። ይህ ቱቦ ግን ያለው አንድ የዓይን ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ያየውም ሰው ቍጥሩን በአፉ ይናገራል። እኔ ገዢው ሁሉ አታላይ ነው አላልኩም፤ ከላይ እንዳሳየሁት ፍጹም ቅን የሆነ ሰው በቀትር ፀሐይ ቆሞ ሰውን ሊበድል ይችላል። ስለዚህ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ የሚሠሩ፣ ወይም ለዕረፍት ወደ አገራቸው ሲሄዱ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ቃል የሚሰጣቸው ከፋዎች ጓደኞቼ ሁለት ነገሮችን ቢጠይቁ ይገባቸዋል። አንደኛው፣ ከገዢው በኋላ አባወራው ወይም እማወራዋ በቀዳዳው ይዩ፤ ሰማያዊውና ነጩ የሚገናኙበትን መስመር ማየት ማንበብና መጻፍ አይጠይቅም፤ የ20ው መስመር የት እንዳለ አንድ ጊዜ ማሳየት ይበቃል። ሁለተኛው፣ በመዝገቡ ላይ ከውኃው ቍጥር አጠገብ ሦስት ዓምዶች ይጨመሩ፤ ሰዓቱ፣ የማሩ ሙቀት፣ በዚያ ቀን የተመሰከረለት ብልቃጥ የሰጠው ንባብ። አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና ከፋርማሲ ሳይሆን ከላቦራቶሪ ዕቃ ሻጭ የተገዛ አንድ ቴርሞሜትር ይበቃል፤ የሰውነት ትኩሳት መለኪያው ከ35 በታች ስለማያነብ ለዚህ ሥራ አይሆንም።